ጎንደር ሆኖ ፍሪላንስ ለሚሠራ ሰው፦ አራት ዓመት የተጠቀምኩባቸው ሶፍትዌሮች፣ የቱ ይጠቅማል የቱ ይቅርባችሁ

ባለፈው ፒያሳ ካፌ ቁጭ ብዬ ስሠራ ዘንድሮ የተመረቀ አንድ ልጅ መጣና "እህቴ፣ ፍሪላንስ ልጀምር ነው፣ ምን ምን ሶፍትዌር ነው የሚያስፈልገኝ?" አለኝ፣ እኔም እየሠራሁ ስለነበር ሦስት አራት ስም ጠርቼለት አመስግኖኝ ሄደ። ማታ ቤት ስገባ ግን ከነከነኝ፣ ስም ብቻ ነው የነገርኩት፣ ለምን እንደሚመረጥ አልነገርኩትም፣ እኔ ደግሞ ያን ሳላውቅ ጀምሬ ብዙ የከፈልኩበት ነገር ስለሆነ እዚህ በደንብ ልጻፈው ብዬ ነው።

የምሠራው ግራፊክስ ነው። የእንግዳ ማረፊያ ሜኑና የዋጋ ዝርዝር፣ የሱቅ ሎጎ፣ የሰርግ መጥሪያ፣ ጥምቀት ሲደርስ ባነር፣ አልፎ አልፎ ደግሞ ከውጭ የሚመጣ የትርጉም ሥራ። ቢሮ የለኝም፣ ቢሮዬ ላፕቶፔ ነው፣ ስለዚ ደንበኛውም ሂሳቡም ቀጠሮውም ያለው ሶፍትዌር ውስጥ ነው ማለት ነው።

መጀመሪያ የተበላሸውን ልናገር። ሥራ የጀመርኩ ሰሞን አንድ በጣም ያማረ የኢንቮይስ (የክፍያ መጠየቂያ) አፕ አገኘሁ፣ ስሙን አልጠራም፣ ደንበኛ ትመዘግቢያለሽ፣ ዋጋ ታስገቢያለሽ፣ ሎጎሽ ያለበት ኢንቮይስ ያወጣልሻል፣ ማን እንደከፈለ ማን እንዳልከፈለ በቀለም ያሳይሻል። ወደድኩት። ሰባት ወር ሙሉ ሥራዬን በሙሉ እዛ ውስጥ ጻፍኩ። ከዛ አንድ ቀን ጠዋት ስከፍተው ነጻው ጊዜ አልቋል ካርድ አስገቢ አለኝ፣ እሺ ልክፈል ብል የሚፈልገው በዶላር የሚከፍል ካርድ ነው፣ የለኝም፣ አብዛኞቻችን የለንም። ቢያንስ መረጃዬን ላውጣ ብዬ ኤክስፖርት የሚለውን ስነካ እሱም የከፈለ ሰው ብቻ ነው የሚጠቀመው። የሰባት ወር ቀብድና ቀሪ እዛው ቀረ። ደንበኞቼን አንድ በአንድ እየደወልኩ "ይቅርታ፣ ስንት ነበር የቀረዎት" ማለት ምን ያህል እንደሚያሳፍር የደረሰበት ያውቀዋል፣ ደግነቱ የጎንደር ሰው ሐቀኛ ነው፣ ከአንድ በስተቀር ሁሉም ቀሪያቸውን ራሳቸው አስታውሰው ከፈሉኝ።

ከዛ ወዲህ ማንኛውንም ሶፍትዌር ከመልመዴ በፊት ሁለት ነገር አያለሁ። አንደኛ ዋይፋዩን አጥፍቼ ዳታውን ዘግቼ እከፍተዋለሁ፣ ካልከፈተ ዋና ሥራዬን አላስቀምጥበትም። ሁለተኛ ገና በመጀመሪያው ቀን ሁለት ሦስት የውሸት መረጃ አስገብቼ ላውጣው ብል በኤክሴል ወይ በፒዲኤፍ ይወጣልኛል ወይ ብዬ እሞክራለሁ። ቆንጆ መሆኑ፣ ብዙ ነገር መቻሉ፣ ዩቲዩብ ላይ መመስገኑ ከዛ በኋላ የሚታይ ነው። ሌላ ሀገር ያለ ፍሪላንሰር ይሄን ላያስብ ይችላል፣ እኛ ግን መብራት ሲሄድ ዋይፋዩም አብሮ ይሄዳል፣ ነሐሴ 2015 ላይ በክልላችን ሞባይል ዳታ ሲቋረጥ ደግሞ ወራት ነው የቆየው፣ ዋይፋይ ያለበት ቦታ እየፈለግን ከአንዱ ወዳንዱ ስንዞር የከረምነው ገና ከአእምሯችን አልወጣም። ያኔ ሥራው የቆመበትና ያልቆመበት ሰው ልዩነቱ ፋይሉ የት ነው ያለው የሚለው ነበር።

እሺ ወደ ዕቃዎቹ።

ለሂሳብ ጉግል ሺትስ። ነጻ ነው፣ ከጂሜይልና ከፎቶ ጋር የሚጋራ 15 ጊጋ ቦታ ይሰጣችኋል፣ ቁጥር ብቻ ለሚጻፍበት ሰው ይሄ አያልቅም። ኦፍላይን ይሠራል፣ ግን ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው፣ ኔት ከጠፋ በኋላ ኦፍላይን ላድርገው ብትሉ አይሆንም፣ ኔት እያለ ቀድማችሁ ክሮም ላይ ድራይቭ ሴቲንግ ውስጥ ገብታችሁ ኦፍላይን የሚለውን ማብራት አለባችሁ፣ ስልክ ላይ ደግሞ ፋይሉን ራሱን ለይታችሁ ኦፍላይን ይገኝ ማለት አለባችሁ። እኔ ሁለቱም ላይ አድርጌዋለሁ፣ ኔት ሲመለስ ራሱ ሲንክ ያደርጋል፣ ማለትም ኦፍላይን የጻፋችሁትን ኔት ላይ ካለው ጋር ያመሳስለዋል። ያም ሆኖ በየወሩ መጨረሻ በኤክሴል ፋይል አውርጄ ፍላሽ ላይ አስቀምጣለሁ፣ ሊብሬ ኦፊስ ላይ ይከፈታል፣ እሱም ነጻ ነው።

ሺቴ ውስጥ ያሉት ዓምዶች፦ የኛ ቀን፣ የፈረንጅ ቀን፣ ደንበኛ፣ ሥራው፣ የተስማማንበት ዋጋ፣ ቀብድ፣ ቀሪ፣ በምን እንደተከፈለ፣ የትራንዛክሽን ቁጥር፣ የዕለቱ ምንዛሪ። ቀሪውን ራሱ ያሰላዋል፣ ዋጋ ሲቀነስ ቀብድ ነው ሌላ ጥበብ የለውም፣ ቀሪው ከዜሮ በላይ ሆኖ 15 ቀን ካለፈው መስመሩ ቀይ ይሆናል፣ ጠዋት ቡና እየተፈላ ቀዩን አይቼ ለማን መደወል እንዳለብኝ አውቃለሁ።

ቀኑን ለምን ሁለት ጊዜ ትጽፊያለሽ የሚለኝ ሰው አለ። በኛ ቀን ብቻ መጻፍ ሞክሬ ነበር። ጳጉሜ 5 ላይ የተቀበልኩትን ቀብድ 5/13/2017 ብዬ ጻፍኩት፣ ሺቱ የተዘጋጀው በአሜሪካ አጻጻፍ ስለነበር ምንም ሳይል ሜይ 13 አድርጎ ወሰደው፣ ስህተት እንኳን አላለኝም! ወሩ በሙሉ ተምታታ፣ አሥራ ሦስተኛ ወር የሚባል ነገር አያውቅማ። በፊደል "ጥር 11" ብላችሁ ብትጽፉት ደግሞ ተራ ጽሑፍ ነው የሚሆንበት፣ በቅደም ተከተል ላስተካክል ስትሉ በፊደል ተራ አድርጎ ሐምሌን ከመስከረም በፊት ያሰልፍላችኋል። ስለዚ የፈረንጁ ቀን ለማሽኑ ነው፣ የኛው ቀን ለኔና ለደንበኛው ነው። ደንበኛዬ "ለመስከረም 17 ይድረስልኝ" ነው የሚለኝ፣ ሴፕቴምበር የሚለኝ ማንም የለም። ስታገናኙም ተጠንቀቁ፣ መስከረም 1 ብዙ ጊዜ ሴፕቴምበር 11 ነው፣ ከዘመነ ሉቃስ ማግስት ግን ጳጉሜ 6 ቀን ስለነበረች 12 ይሆናል፣ 2016 የገባው እንደዛ ነው። አንድ ቀን ናት፣ ግን የሰርግ መጥሪያ ላይ አንድ ቀን ቀልድ አይደለችም።

የዕለቱ ምንዛሪ የሚለው ዓምድ ከውጭ ለሚከፈለው ሰው ግዴታ ነው እላለሁ። ሐምሌ 22/2016 ምንዛሪው በገበያ ይመራ ሲባል ዶላር በባንክ ከ57 ብር አካባቢ ተነስቶ በአንድ ቀን 74 ብር ገባ፣ ከዛም አላቆመም። የ2016ቱን ሥራ ከ2017ቱ ጋር በብር ብቻ ብታወዳድሩት ገቢያችሁ ያደገ ይመስላችኋል፣ በዶላር ስታዩት ያው ነው ወይ ቀንሷል። ዋጋ ስትተምኑ ይሄ ዓምድ ከሌለ በጨለማ ነው የምትተምኑት።

ሕጋዊ ደረሰኝና ኢንቮይስ አንድ እንዳልሆኑም አትርሱ። ከሺትስ ወይ ከአፕ የምታወጡት ኢንቮይስ "ይሄን ያህል ክፈሉኝ" የሚል ወረቀት ነው እንጂ ለግብር የሚቀርብ ደረሰኝ አይደለም፣ ድርጅት ደንበኛ ካላችሁ ገና ስትዋዋሉ ደረሰኝ ይፈልግ እንደሆነ ጠይቁ። የበጀት ዓመቱ ሐምሌ 1 ስለሚጀምር እኔ ሺቱን ራሱ ከሐምሌ እስከ ሰኔ ነው የምከፋፍለው፣ የግብር ሰሞን አልጨነቅም።

ለክፍያ ቴሌብር። ግንቦት 2013 ከተጀመረ ወዲህ የኔን ዓይነት ሥራ ያቀለለ ሌላ ነገር የለም ማለት እችላለሁ፣ ቀብድ ለመቀበል ደንበኛ እስኪመጣ መጠበቅ ቀረ። አፑ ጥሩ ነው ግን ለኔ ትልቁ ነገር *127# ነው፣ ያለ ኢንተርኔት ይሠራል፣ ሲም ካርዱ ኔትወርክ ካለው በቃ። የንግድ ባንኩ *889# ም እንደዛው ነው፣ የባንክ አፕ ብቻ የለመደ ሰው እነዚህን ቁጥሮች አንድ ቀን ሳይቸገር ይልመዳቸው። አንድ ነገር ግን፣ ስክሪንሾት ክፍያ አይደለም። "ልኬያለሁ ይኸው" ተብሎ ስክሪንሾት ስለመጣ ብቻ ፋይል አትልቀቁ፣ ከ127 የሚመጣውን መልእክት ወይ ሂሳባችሁን ራሱን እዩ፣ የትራንዛክሽን ቁጥሩን ሺቱ ላይ ገልብጡ። ደንበኛን መጠርጠር እንዳይመስላችሁ፣ በትህትና "መልእክቱ ይድረሰኝና ወዲያው እልክሎታለሁ" ማለት ነው፣ ማንም ተቀይሞኝ አያውቅም።

ሰዓት ለመቁጠር ቶግል። እስከ አምስት ሰው በነጻ ነው፣ ብቻችሁን ለምትሠሩ ከበቂ በላይ ነው፣ ኔት ባይኖርም ይቆጥራል ኋላ ሲንክ ያደርጋል። መጀመሪያ አላመንኩበትም ነበር፣ በሰዓት የሚከፍለኝ ደንበኛ የለኝም ምን ያደርግልኛል ብዬ። አንድ ሎጎ ላይ ግን ሞከርኩት፣ ዲዛይኑ 6 ሰዓት ፈጀ፣ "እስቲ ቀለሙን ትንሽ፣ እስቲ ጽሑፉን ወደ ላይ" የሚለው ማስተካከያ ደግሞ 9 ሰዓት! ከዛ ቀን ጀምሮ ዋጋ ስናገር ሁለት ማስተካከያ ዋጋው ውስጥ አለ፣ ከዛ በላይ ይከፈልበታል እላለሁ፣ አንድ ሳምንት ብቻ ብትጠቀሙበት እንኳን ጉልበታችሁ የት እንደሚሄድ ያሳያችኋል።

ትሬሎ፣ ሥራን በካርድ የሚያደራጀው አፕ፣ ጥሩ ነው፣ ካርዶቹን ከ"ተጀምሯል" ወደ "ተረክበዋል" መጎተት ደስ ይላል፣ ግን ብቻውን ለሚሠራ ሰው አያስፈልግም፣ ሺቱ ላይ አንድ ዓምድ ይበቃል። ሦስት አራት ሆናችሁ ከሠራችሁ ያኔ ሞክሩት።

ቴሌግራምን ሁላችሁም ታውቁታላችሁ፣ ሁለት ነገር ብቻ ልበል። ሥራ ስትልኩ በፎቶ አትላኩ፣ በፋይል ላኩ፣ ፎቶ ሲሆን ይጨመቅና ማተሚያ ቤት ደርሶ ይደበዝዛል፣ በፋይል ግን እስከ 2 ጊጋ እንዳለ ይሄዳል። ደንበኞቼንም እያስለመድኳቸው ነው፣ "ሎጎውን በፋይል ይላኩልኝ" እላለሁ። ሌላው፣ የራሳችሁ ሴቭድ ሜሴጅ ላይ ስትጽፉ የመላኪያውን ምልክት ጫን ብላችሁ ከያዛችሁት ቀንና ሰዓት ይጠይቃችኋል፣ በዛ ሰዓት ራሱ ያስታውሳችኋል፣ ለማስታወሻ ሌላ አፕ አልጫንኩም።

ቀጠሮ ላይ ጉግል ካሌንደር። ከውጭ ደንበኛ ጋር የምትሠሩ ከሆነ ሰዓቱን በቃላችሁ አታስሉ። እኛ ሰዓታችንን ዓመቱን ሙሉ አንነካውም፣ እነሱ ይቀያይራሉ፣ ኒውዮርክ በበጋቸው 7 ሰዓት በክረምታቸው 8 ሰዓት ነው የምንበልጣቸው፣ ጀርመን ደግሞ 1 እና 2። ካሌንደሩ ላይ ሁለተኛ የሰዓት ክልል ጨምሩበት፣ ጎን ለጎን ያሳያችኋል። በጣም የሚያስቸግረው ግን ውጭ ያለ የራሳችን ሰው ነው፣ "ነገ 3 ሰዓት ላይ ደውይልኝ" ይላል፣ በኛ ነው በፈረንጅ፣ ጠዋት ነው ማታ? ከአንዲት እህታችን ጋር ሁለት ጊዜ እንዲህ ተላልፈናል፣ አሁን ሁልጊዜ የካሌንደሩን ግብዣ ነው የምልክላት፣ በሷ ሰዓት ይታያታል በኔ ይታየኛል።

አሁን ወደ ዋናው ዕቃዬ፣ ዲዛይኑ ወደሚሠራበት። ካንቫ ፈጣን ነው፣ ለፌስቡክ ፖስት ለቴሌግራም ማስታወቂያ አልጠላውም፣ ዋና ሥራዬ ግን ኢንክስኬፕ ላይ ነው። ነጻ ነው፣ ላፕቶፕ ላይ ይጫናል፣ ኔት አይጠይቅም፣ ፋይሉ የናንተ ነው። ለመልመድ አንድ ወር ይፈልጋል፣ አልዋሽም፣ መጀመሪያ ላይ ያደክማል። ይሄን ያህል የምወድበት ምክንያት ባለፈው ጥምቀት የሆነው ነው። ሰው ሁሉ ጎንደር ገብቶ ከተማው ሞልቶ ኔትወርኩ ተጨናንቆ ስልክ እንኳን በግድ በሚገባበት፣ ጥር 9 ማታ 4 ሰዓት ላይ ቀበሌያችን ውስጥ የእንግዳ ማረፊያ ያላቸው እትዬ ልጃቸውን ቤቴ ድረስ ላኩብኝ። የክፍሉ ዋጋ ዝርዝር ላይ ቁርስ ይጨምራል የሚለው ተረስቷል፣ ጠዋት እንግዳ ይገባል። ኔት የለም፣ መብራትም የለም፣ ላፕቶፑ 40 ፐርሰንት ባትሪ አለው። ፋይሉን ከፈትኩ፣ አንድ መስመር ጨመርኩ፣ ልጁ በያዘው ፍላሽ ሰጠሁት፣ ሩብ ሰዓት አልፈጀም። በማግስቱ እትዬ በልጁ ዳቦ ከነሌማቱ ላኩልኝና "ልጄ፣ እኔኮ ኔት የለም ስባል በቃ ቀረ ብዬ ነበር" አሉኝ። ፋይሉ ብራውዘር ውስጥ ብቻ ቢሆን ኖሮ እውነትም ይቀር ነበር።

የአማርኛ ፎንት ነገር ለብቻው መጻፍ ነበረበት ግን እዚሁ ልጨርሰው። ኖቶ ሳንስ ኢትዮፒክ፣ ኖቶ ሰሪፍ ኢትዮፒክ፣ አቢሲኒካ፣ ሦስቱም ነጻ ናቸው፣ ለንግድ ሥራ ብትጠቀሙባቸውም ማንም አይጠይቃችሁም፣ አውርዳችሁ ጫኗቸው። ደንበኛ የድሮ ዎርድ ፋይል ይዞ ከመጣና ስትከፍቱት የፈረንጅ ፊደልና ምልክት ዝብርቅርቅ ካለባችሁ ፋይሉ ተበላሽቶ አይደለም፣ በድሮው የግዕዝ ሶፍትዌር ነው የተጻፈው፣ ፊደላችን ዩኒኮድ (ኮምፒውተሮች ሁሉ ፊደል የሚለዩበት የጋራ ሥርዓት) ውስጥ የገባው በፈረንጆቹ 1999 ነው፣ ከዛ በፊት የተሠሩት ሶፍትዌሮች የፈረንጅ ፊደሉን ቦታ ነበር የሚጠቀሙት። ወደ ዩኒኮድ መቀየር ነው፣ ለዛ ሰዓት አስከፍሉ።

ፒዲኤፍ ስታወጡ ደግሞ ጽሑፉን ወደ ቅርጽ ቀይሩት፣ ኢንክስኬፕ በፒዲኤፍ ሴቭ ስታደርጉ ራሱ ይጠይቃችኋል። እኔ ይሄን ሳላውቅ ለአንድ ሰርግ 200 መጥሪያ ወደ ማተሚያ ላክሁ፣ እዛ ያለው ኮምፒውተር ላይ ፎንቱ አልነበረም፣ የሙሽራዋ ስም አራት ባዶ ሳጥን ሆኖ ታትሞ መጣ። የሙሽራዋ እናት ካርዱን በእጃቸው ይዘው ሳጥኖቹን በጣታቸው እየነኩ ዝም አሉ። ቢቆጡኝ ይሻለኝ ነበር። በራሴ ወጪ አሳትሜ በሦስተኛው ቀን አደረስኩላቸው፣ ከዛ ወዲህ ምንም ነገር ወደ ማተሚያ ሳይሄድ በፊት ፒዲኤፉን ፎንቱ በሌለበት በሌላ ሰው ስልክ ከፍቼ አያለሁ።

መጨረሻ ላይ ፓስወርድ። ኪፓስ ኤክስሲ ተጠቀሙ፣ አካውንት አይጠይቅም፣ ፓስወርዶቻችሁ በሙሉ በአንድ የተቆለፈ ፋይል ውስጥ ናቸው፣ ኮፒውን ፍላሽ ላይ ታስቀምጣላችሁ። የማረጋገጫ ኮድን በኤስኤምኤስ ብቻ አትተማመኑ፣ አንዴ ከውጭ የሚላክ ኮድ ስጠብቅ ሁለት ሰዓት ዘግይቶ ደርሶ ሥራ አምልጦኛል። ኦተንቲኬተር አፕ ስልኩ ውስጥ ራሱ ነው ኮዱን የሚያወጣው፣ በየ30 ሰከንዱ ይቀየራል፣ ኔትም ሲምም አይፈልግም፣ የስልኩ ሰዓት ትክክል መሆኑን ብቻ እዩ። ጉግል ደግሞ 10 መጠባበቂያ ኮድ ይሰጣችኋል እያንዳንዱ 8 አሃዝ፣ አትማችሁ ወይ በእጃችሁ ጽፋችሁ ቤት አስቀምጡ፣ የኔ ከመታወቂያዬና ከዲግሪዬ ጋር ነው ያለው። ስልክ ይሰረቃል፣ ይወድቃል፣ ያኔ መግቢያችሁ እሱ ወረቀት ነው።

ፒያሳ የጠየቅከኝ ልጅ፣ ይሄን ካየኸው ከሰኞ እስከ ዓርብ ከሰዓት በኋላ እዛው ካፌ ነኝ። ላፕቶፕህንና ባዶ ፍላሽ ይዘህ ና፣ የሰዎቹን ስምና ስልክ አጥፍቼ ሺቴን ኮፒ አደርግልሃለሁ፣ ፎንቶቹንም እጭንልሃለሁ።